ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በዓባይ ሁለት ዳርቻ፡ ከጫቀታ እስከ ሶማ

መግቢያ

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ዘወትር ከጎጃም፣ በተለይም ከቢቸና ጋር ተቆራኝቶ ይነሣል። አነጋገሩ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የበላይ የእናቱ አገር ከዓባይ ማዶ፣ ዛሬ የመካነ ሰላም ከተማ በምትገኝበት በቦረናና በሳይንት ደጋ ነው፤ በአምስቱ የወረራ ዓመታትም ጦሩ ሸለቆውን እየተሻገረ በሁለቱም ዳርቻ ተዋግቷል። ጎጃምን ከወሎ የሚለየው ዓባይ ለገዥዎች ወሰን ነበር፤ ለበላይና ለተከታዮቹ ግን መሸሸጊያም መንገድም ሆኖ አገልግሏል።

ይህ ጽሑፍ የበላይን ሕይወት ከዚህ አቅጣጫ ይመለከታል። የሚያቀርበው መከራከሪያ የበላይ ሥልጣን ከመሳፍንት የዘር ሐረግ ወይም ከቤተ መንግሥት ሹመት ሳይሆን ከዝምድና፣ ከመልክዓ ምድርና ከገበሬው ፈቃድ የተገነባ ነበር የሚል ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ይህን ሥልጣን በጦር ኃይል ሊሰብረው አልቻለም። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትም በአዲሱ አስተዳደሩ ውስጥ ስፍራ ሊያገኝለት አልቻለም። ስለዚህ በ1937 ዓ.ም. የደረሰበትን ፍጻሜ በሹመት ቅሬታና በግል ቂም ብቻ መተርጎም አያጠግብም፤ ሥልጣኑ በምን ላይ እንደ ቆመ መመርመር ያስፈልጋል።

ደጋውና ሸለቆው

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በበሽሎ፣ በወለቃና በዓባይ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ምድር ነው። በአምባዎቹ ላይ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላ ይተካል። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት አድካሚ ነው። በክረምት ዓባይ ሲሞላ ሁለቱ ዳርቻዎች ይለያያሉ፤ በበጋ ግን ሕዝቡ በየመልካው እየተሻገረ ይገበያያል፣ ይጋባል፣ በደም ሲፈላለግም ወዲያና ወዲህ ይሸሻል። ማዶ ለማዶ የሚተያዩት የቦረናና የምሥራቅ ጎጃም ቤተሰቦች በሁለት ጠቅላይ ግዛት ሥር ቢተዳደሩም በዝምድና የተሳሰሩ ነበሩ።

ይህ ምድር ለማዕከላዊ ሥልጣን ሁልጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተሻረና አባቱ ንጉሥ ሚካኤል በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ከሆነ በኋላ፣ የተሻረው ወራሽ መጠጊያ ካደረጋቸው ስፍራዎች አንዱ የመቅደላ አምባ ነበር። ከዚያ ከበባ አምልጦ እስከ 1913 ዓ.ም. ድረስ ሳይያዝ ለመቆየት የቻለው የሚሸሽገው ሕዝብና የሚሸሸግበት ገደል ስላልጠፋ ነው። የበላይ ዘለቀ የልጅነት ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ የኢያሱ ውድቀት ነው።

የአንጋቹ ልጅ

በሰፊው በሚታወቀው የሕይወት ታሪኩ መሠረት በላይ በ1904 ዓ.ም. በቦረና ሳይንት፣ ጫቀታ በሚባል ስፍራ ተወለደ። የጎጃም ትረካዎች ደግሞ ትውልዱን ከቢቸናው ለምጨን ጋር ያያይዙታል። ሁለቱም ወገኖች በወላጆቹ ማንነት ይስማማሉ፤ አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የለምጨን ሰው ሲሆን እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ የቦረና ሳይንት ተወላጅ ነበረች። የትውልድ ስፍራው በሁለት ዳርቻ መነገሩ የቤተሰቡን አኗኗር በትክክል ያንጸባርቃል።

ባሻ ዘለቀ የልጅ ኢያሱ አንጋች ነበር። ጌታው ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ የኢያሱ ሰዎች ለአዲሱ መንግሥት ከማደር ይልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። በኋላም ሊይዙት ከመጡ የመንግሥት ሰዎች ጋር ተዋግቶ ተገደለ። በላይ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። የአባቱ ደም በእሱና በወንድሙ በእጅጉ ላይ የወደቀ ዕዳ ሆነ፤ በዘመኑ ባህል ደም ያልመለሰ ልጅ በሰው ፊት ቀና ብሎ ለመሄድ ይቸገር ነበር።

ወንድማማቾቹ ወጣትነት ላይ ሲደርሱ በዓባይ በረሃ ሸፈቱ። ሽፍትነት በዚያ ማኅበረሰብ ከተራ ውንብድና የተለየ ትርጉም ነበረው። የተበደለ ሰው ፍትሕ ሲያጣ የሚወስደው እርምጃ፣ ተሳክቶለት ከኖረም በምሕረት ወደ ሹመት የሚያደርስ መንገድ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ ሽፍታ ያለ ገበሬው ድጋፍ ሊኖር አይችልም። ስንቅ የሚያቀብለው፣ የመንግሥት ጦር መምጣቱን የሚነግረውና መልካውን የሚያሳየው ገበሬው ነው። በላይ ከወረራው በፊት ባሳለፋቸው በእነዚያ ዓመታት የሸለቆውን መተላለፊያዎች አወቀ፤ ከሁለቱም ዳርቻ ዘመዶቹ ጋር ያለውን ትስስር አጠናከረ፤ ጥቂት ሰዎችን በጥብቅ ሥርዓት መምራት ተማረ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለኋለኛው አርበኝነቱ መሠረት ሆኑ።

ከሽፍትነት ወደ አርበኝነት

የኢትዮጵያ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ጠላት ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባን ያዘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው መገዛትን በመቃወማቸው በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። የጳጳሱ ሞት ለሀገረ ስብከታቸው ሕዝብ የወራሪውን ማንነት ያሳየ ክስተት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት ግንቦት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የወረደው ግድያ፣ መኳንንቱ ተዋርደው ቢገቡም ሕዝቡ በያለበት እንዲነሣ አደረጉ። በሰሜን ወሎ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተሰዋ።

በ1930 ዓ.ም. ዐመፁ በጎጃም ተቀጣጠለ። በዳንግላ መንገሻ ጀምበሬ፣ በቡሬ ነጋሽ በዛብህ፣ በሞጣ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በላይ ዘለቀ ዋነኞቹ መሪዎች ሆነው ወጡ። ከአራቱ ሦስቱ ከታወቁ የጎጃም ቤቶች የተወለዱ ወይም በጋብቻ የተዛመዱ ነበሩ። በላይ ግን የአንጋች ልጅና የሸፈተ ገበሬ ነበር። ሰው የተከተለው ለአባቶቹ ስም ብሎ አልነበረም፤ በውጊያ ላይ ያሳየውን አይቶ ነው።

የውጊያ ስልቱ ከምድሩ የተቀዳ ነበር። ጠላት በከተሞችና በመንገድ ዳር ምሽጎችን ሠርቶ ሲቀመጥ፣ በላይ በምሽጎቹ መካከል ያለውን ገጠር ያዘ። ስንቅ ጫኝ ቅፍለቶችን በጠባብ መተላለፊያ ይጠብቅ ነበር፤ ታላቅ ጦር ሲመጣበት ወደ ሸለቆው ይወርድና በማዶ በኩል ይወጣ ነበር። የማረከው ጠመንጃና ጥይት ዋነኛ የመሣሪያ ምንጩ ሆነ። ወራሪው በበኩሉ አውሮፕላንን፣ መንደር ማቃጠልንና የመርዝ ጋዝን በአርበኞች ላይ ይጠቀም ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ በኩል በዘረት ዋሻ የተሸሸጉ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮችና ቤተሰቦች በጋዝና በጥይት መፈጀታቸው፣ ገደልና ዋሻ ብቻውን መጠጊያ እንደማይሆን አሳይቷል። በላይን ያቆየው ከአንድ አምባ ጋር አለመጣበቁና ሁለት ዳርቻ ያለው መሆኑ ነበር።

ዓባይን መሻገር

በላይ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በደጀን አካባቢ የሚያደርገውን ውጊያ ወደ ቦረና ሳይንት አሻግሯል። መሻገሩ ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛው ወታደራዊ ነው፤ በጎጃም በኩል የሚያሳድደው የጠላት ጦር ከወሎ በኩል ካለው ጋር ተቀናጅቶ ሸለቆውን እንዳይዘጋ ማዶውም በአርበኞች እጅ መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ፖለቲካዊ ነው። ኢጣሊያ በወሎ በሙስሊሙና በክርስቲያኑ መካከል ልዩነት ለመፍጠር፣ በየአካባቢውም ባንዳ ለመመልመል ትጥር ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖርባቸው በቦረናና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች በእናቱ በኩል ዘመድ ያለው መሪ መገኘቱ ለዚህ መከፋፈል ማርከሻ ነበር። በላይ በወሎ ምድር እንደ ጎጃም ወራሪ ሳይሆን እንደ እናቱ አገር ሰው ሊታይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በያዘው አገር የገነባው አስተዳደር ከውጊያው ያላነሰ ትኩረት ይሻል። በላይ ሹማምንት ሾመ፣ ለጦሩ ስንቅ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ደነገገ፣ ዳኝነት ሰጠ። ገበሬውን የዘረፈ ተከታዩን በከባድ ቅጣት ይቀጣ ነበር፤ ለባንዳም ምሕረት አልነበረውም። የአርበኛ ጦር ሰብል እየቀማ በሚኖርበት ዘመን ይህ ጭካኔ የቀላቀለ ሥርዓት ለገበሬው ዋስትና ነበር። ዘሩን ዘርቶ የሚያጭድበት፣ ከብቱን የሚያሰማራበት አገር አገኘ።

በዚህ አስተዳደር ውስጥ ብዙ የተወራለት የማዕረግ ጉዳይ ነው። በላይ ለተከታዮቹ ከፊታውራሪነት እስከ ራስነት ማዕረግ ሲሰጥ ለራሱ ግን ልጅ በላይ ከመባል አላለፈም። ስለ ማዕረጉ ሲጠየቅ እናቱ ያወጣችለት ስም ከሁሉ በላይ መሆኑን ስለሚናገር ሌላ እንደማያስፈልገው መመለሱ ይተረካል። አንዳንዶችም ዐፄ በጉልበቱ እያሉ ይጠሩት እንደ ነበር ይነገራል። ነገሩ በብዙ ጽሑፎች እንደ ቀልድ ወይም እንደ ትዕቢት ቀርቧል። በተረጋጋ መመልከቻ ግን ቁም ነገር አለው። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ላይ ሳሉ፣ አብዛኛው ባለ ማዕረግ ለጠላት በገባበት ጊዜ፣ ሹመት ከየት ይመንጭ የሚለው ጥያቄ ክፍት ነበር። በላይ በተግባር የሰጠው መልስ ሹመት ከሚዋጋ ሰው እጅ ይመነጫል የሚል ነበር። ይህ መልስ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ሰው አሰባሰበለት፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የክሱ ሥር ሆነ።

የ1933 ዓ.ም. ፈተና

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የአርበኞቹ ትግል ዓለም አቀፍ ድጋፍ አገኘ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርም በጎጃም በኩል ገፋ። ኮሎኔል ማራቬንታኖ ያዘዘው የጠላት ጦር መጋቢት 26 ቀን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ፣ ከደጀን በታች ያለውን መሻገሪያ መዝጋት በበላይ ላይ የወደቀ ተግባር ሆነ። ለዚሁ ጉዳይ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ወደ እሱ ተልኮ ነበር።

በላይ መሻገሪያውን አልዘጋም። ጠላት በሺዎች ከሚቆጠር ሠራዊቱ ጋር ተሻገረ። የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ማብራሪያ ለጠላት አድሮ የነበረው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከቤተሰቡ ልጅ ሊድርለት ቃል በመግባት እንዳዘናጋው ይገልጻል። ማብራሪያው የሰውየውን ድክመት ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ግን የሥልጣኑን ድክመት ያሳያል። በላይ የአገሩን ገበሬ ልብ ቢያገኝም በጎጃም መኳንንት ዘንድ የአንጋች ልጅ ነበር። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል የሚመጣው ዘመን የባለ ዘሮች ዘመን መሆኑን ሊገምት ይችል ነበር። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ጋር መጋባት በጠመንጃ ያላገኘውን ቅቡልነት የሚሰጥ መስሎ መታየቱ የሚያስገርም አይደለም። ምክንያቱን መረዳት ግን ውሳኔውን ትክክል አያደርገውም። ያመለጠው ጦር ከዓባይ ወዲያ ለሳምንታት ሌላ ውጊያ እንዲደረግ አስገድዷል።

የዚያ ውጊያ ፍጻሜ በበላይ የእናት አገር መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። የማራቬንታኖ ጦር በደራ በኩል አልፎ ወደ ወግዲና አጅባር ደጋ ወጣ። በዊንጌትና በራስ ካሣ ኃይሉ ሰዎች፣ እንዲሁም በአካባቢው አርበኞች ተከቦ በግንቦት አጋማሽ 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የተማረኩት ከ1000 በላይ ኢጣሊያውያንና 7000 ያህል የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። በምሥራቅ ዳርቻ ያለው ደጋ በዚህ መልክ በጎጃም የተጀመረው ዘመቻ የተዘጋበት ስፍራ ሆነ።

ከሹመት ወደ ሶማ

ከነጻነት በኋላ ለጎጃም አርበኞች ሹመት ተሰጠ። ኃይሉ በለው ራስ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ሲባሉ በላይ ደጃዝማች ተብሎ የቢቸና ገዥ ሆነ። የማዕረጉ ማነስ ቅር እንዳሰኘው ይነገራል። ይሁን እንጂ ከማዕረግ ልዩነት የጠለቀ ለውጥ በመካሄድ ላይ ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎች የአገር ግዛት ሚኒስቴር ደመወዝተኞች እንዲሆኑ፣ የራሳቸው ጦር እንዳይኖራቸው፣ ግብርም በቀጥታ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ የሚያደርግ ሥርዓት ዘረጋ። በአዲሱ ሥርዓት ዓባይ የጎጃምና የወሎ ጠቅላይ ግዛቶች ወሰን ነው፤ የቢቸና ገዥ በቦረና ሳይንት ላይ የሚኖረው ሥልጣን የለም። ተከታዮቹ በዱር ያገኙት ማዕረግም በመንግሥት መዝገብ ውስጥ አልሰፈረም።

በላይ ለበላይ አለቆቹ ጥሪ አልታዘዝ ሲል ጉዳዩ ወደ ግጭት አመራ። ጊዜው መንግሥት በሥልጣኑ ላይ ለሚነሣ ተቃውሞ ትዕግሥት ያልነበረው ጊዜ ነው፤ በ1935 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውን የትግራይ ገበሬዎች ዐመፅ ለማብረድ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር ተሰማርተዋል። በላይ በቢቸና ምድር ወደሚገኘው ሶማ የተባለ አምባ ወጣ። ጠላት በነበረበት ዘመን አንድ ስፍራ ላይ አለመጣበቅን የኑሮ መመሪያው ያደረገ ሰው አሁን በአምባ ተከበበ። ከከበቡት መካከል ትናንት አብረውት የተዋጉ አርበኞች ነበሩበት። ከብዙ ውጊያ በኋላ በሽምግልናና በመሐላ እጁን ሰጠ።

አዲስ አበባ ተወስዶ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ፍርዱ በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ወደ እስራት ተለወጠ። በኋላ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲል ተያዘ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. በላይ፣ ወንድሙ እጅጉና ልጅ ማሞ በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ልጅ ማሞ በወረራው ዘመን በጠላት በኩል ተሰልፎ የነበረ ሰው ነው። አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛና ለጠላት ያደረው የመሳፍንት ልጅ በአንድ ቀን በአንድ ቅጣት መሞታቸው ሕዝቡን ካስደነገጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። በላይ በሞተ ጊዜ ዕድሜው 33 ዓመት ገደማ ነበር።

ማጠቃለያ

በወራሪ ላይ የተነሡ የደጋ ሕዝቦች ታሪክ በኢትዮጵያ ብቻ አይወሰንም። ከበላይ ሽፍትነት ጋር በተቀራረበ ጊዜ፣ በ1923 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው በታይዋን ደሴት የተራራው ነዋሪ የሴዲቅ ሕዝብ በሞና ሩዳኦ መሪነት በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ላይ በዉሼ ዐምፆ ነበር። በዚያም ቅኝ ገዥው በአውሮፕላን ታግዞ ተራራማውን አገር ደብድቧል፤ መሪውም በትግሉ ጠፍቷል። ንጽጽሩ አንድ ልዩነት ያጎላል። ሞና ሩዳኦን ያጠፋው ቅኝ ገዥው ራሱ ስለሆነ ታሪኩ በገዥና በተገዥ መካከል ተጠቃለለ። በላይ ግን ቅኝ ገዥውን አሸንፎ ኖሯል፤ የገደለው የታገለለት መንግሥት ነው። ስለዚህ የሱ ታሪክ የነጻነትን ብቻ ሳይሆን ከነጻነት በኋላ ያለውን ሥልጣን ጥያቄ ያነሣል።

የበላይን አለመታዘዝ እንደ ንጹሕ የሕዝብ እምቢታ ብቻ ማየት የ1933 ዓ.ም. ውሳኔውንና የቅጣቱን ክብደት ይደብቃል። እንደ ተራ ዐመፀኝነት መቁጠር ደግሞ መንግሥት በሌለበት ጊዜ መንግሥት ሆኖ የቆመውን ሥርዓት ያጠፋል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ንባብ የሚከተለው ነው፤ ጦርነቱ ከዘር ሐረግ ያልመነጨ፣ በአካባቢ ፈቃድ ላይ የቆመ ሥልጣን ፈጠረ፤ ነጻነት ሲመለስ ይህን ሥልጣን ወደ ሕጋዊ ሥርዓት የሚያሸጋግር መንገድ አልተዘጋጀም። የቀሩት ምርጫዎች መሟሟት ወይም መሰባበር ነበሩ፤ በላይ ሁለተኛው ደረሰበት።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ በዓባይ በሁለቱም ዳርቻ ስሙ በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። የጥናቱ ሥራ ግን በአብዛኛው በምዕራቡ ዳርቻ ተወስኖ ቆይቷል። በመካነ ሰላም፣ በሳይንትና በወግዲ አካባቢ ያለው የቃል ትውፊት፣ የቤተሰብ ትረካና የየደብሩ መዝገብ ከዚህ ታሪክ ጋር ተገናዝቦ ሲጠና የጫቀታው ልጅ ሙሉ መልክ ይወጣል፤ የአምስቱ ዘመን ትግልም በጠቅላይ ግዛት ወሰን ተከፋፍሎ ከሚነገርበት ልማድ ይላቀቃል።